በግንቦት የሚከፈት፣ በነሐሴ የሚዘጋ ስንጥቅ

የአጎቴ ቤት አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። በግንቦት ብትሄዱ የአንድ ብር ሳንቲም ይገባበታል። በነሐሴ ብትሄዱ ወረቀት አያስገባም። ስንጥቁ ሲዘጋ ደግሞ የመኝታ ቤቱ በር በተራው አልዘጋም ይላል። አጎቴ ሦስት ጊዜ አስለስነውታል፣ ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብተውታል። ምንም ለውጥ የለም። ስንጥቁ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ በየዓመቱ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ግንበኛው ነበር። "ሲሚንቶ በልቶ ነው" ተባለ። እኔ ለግንበኛው ጥብቅና አልቆምም። ግን ሲሚንቶ ያነሰው ግድግዳ ወር እየቆጠረ ሲከፈትና ሲዘጋ አይኖርም። ወር የሚቆጥረው ዝናቡ ነው።

ስለ አየር ንብረት ሲወራ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሙቀትና ብርድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙ አያስኬድም። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። አብዛኛው ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም፤ ጋቢና ሹራብ ይበቃል። "ተስማሚ አየር" የምንለውም ለዚህ ነው። አዎ፣ ለሰው ተስማሚ ነው። ለግድግዳ፣ ለአስፋልትና ለቱቦ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የዚህች ከተማ ችግር ዝናቧ ተሰብስቦ መምጣቱና ተሰብስቦ መሄዱ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ለንደን የምትኖሩ ወገኖች አትስቁብኝና፣ "ዝናባማ" የምትባለው ከተማችሁ የምታገኘው የዚህን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ልዩነቱ ለንደን ዓመቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይልባታል። እኛ ዘንድ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን ግማሽ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ከዚያ ሰማዩ ይዘጋል። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ፀሐይ ብቻ ነው። መሬቱ ጠግቦ ይከርምና በጋውን ሙሉ ይጠማል። ከተማዋን የሚያሠቃያት ይህ መጥገብና መጠማት ነው።

ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ከተማዋ ራሷ እዚህ የተቆረቆረችው በከፊል በአየሩ ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ቀድሞ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለጥበቃ ጥሩ፤ ለኑሮ ግን ብርዱና ንፋሱ አይጣል ነው። የማገዶ እንጨቱም ተመናመነ። ታች ደግሞ ፍልውሃ አለ። በ1879 ዓ.ም ወደ ሜዳው ወረዱ፤ ስሙንም እቴጌይቱ አወጡለት።

ታዲያ የወረዱበት ቦታ ተዳፋት ነው። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ መሬቱ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ወንዞቹ፣ ቀበናም በሉት ግንፍሌ፣ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርዱት። እንጦጦ ግርጌ የጣለው ዝናብ ቆይቶ የታችኛው ሰፈር ጉዳይ ይሆናል። አቃቂ ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሰው ሰማዩን አይቶ "ዛሬስ አይዘንብም" ሲል ጎርፉ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

አፈሩም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ላይኛው ከተማ በብዛት ቀይ አፈርና ዓለት ነው። ወደ ቦሌ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ሜዳው ጥቁር ይሆናል። አጎቴ ቦታውን ሲገዙ ሜዳ መሆኑን ወደውት ነበር። "ቁፋሮ የለው፣ ድልዳሎ የለው" ብለው።

ጥቁሩ አፈር

ጥቁር አፈርን ገበሬ ይወደዋል። የጤፍ አገር ነው። መረሬ ወይም ኮቲቻ ብሎ በስሙ ይጠራዋል፤ ጠባዩንም ያውቃል። ስለዚህ ቤቱን እዚያ ላይ አይሠራም። ጎጆውን ወጣ ያለች ድንጋያማ ጉብታ ፈልጎ ይቀልስና ሜዳውን ያርሰዋል። እኛ ከተሜዎቹ ነን ገልብጠን የያዝነው።

የጥቁር አፈር ጉዱ ያለው በሸክላው ቅንጣት ውስጥ ነው። ቅንጣቶቹ እጅግ ስስ ናቸው፤ እንደ ተደራረበ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። ውሃ ሲያገኙ ውሃው በንብርብሩ መሃል ይገባና ንጣፎቹን ያራርቃቸዋል። አፈሩ ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ንጣፎቹ መልሰው ይጠጋጋሉ። አፈሩ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በየካቲት አንድ ያልታረሰ ጥቁር ሜዳ ላይ ብትቆሙ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። በሐምሌ ያው ሜዳ ጫማ የሚያስቀር ማጥ ነው።

ሲያብጥ የሚገፋው ኃይል ቀላል አይደለም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያነሳል። ፎቅ የበዛበት ሕንፃ ክብደቱ ስለሚጫነውና መሠረቱም ጠልቆ ስለሚወርድ ይሻላል። የሚጎዱት ቀላሎቹ ናቸው፦ አጥር፣ ትንንሽ ቤት፣ የእግረኛ መንገድ፣ ቱቦ። አጥሩ ከቤቱ ቀድሞ የሚንጋደደውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አጥሩ ሲያጋድል "የአጥር ነገር" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ብሆን ቤቱ የላከልኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

ግን መሬቱ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ቤቱ እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይሰነጠቅም። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። ከቤቱ መሃል ሥር ያለው አፈር ጣራ አለው፤ ዝናብ አያየውም፣ ፀሐይም አያየውም። እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ዳርና ዳሩ ግን በክረምት ይረሰርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ ቤቱ መሃሉን ተደግፎ ጠርዝ ጠርዙ ይነሳል ይወርዳል። ግድግዳ መታጠፍ አይችልም። አቅሙ ከሚደክምበት ቦታ፣ ማለትም ከመስኮትና ከበር ጥግ፣ ተነስቶ በሰያፍ ይቀደዳል። የአጎቴ ሳሎን ማለት ይህ ነው።

አንድ እሁድ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ስንጥቁ ካለበት ጥግ በውጭ በኩል የአሸንዳው መውረጃ አለ። የጣራው ውሃ ግማሹ ተጠራቅሞ የሚፈሰው በትክክል ከግድግዳው እግር ሥር ነው። ከአጥሩ ጋር ደግሞ ሁለት ትልልቅ ባሕር ዛፎች አሉ። ባሕር ዛፍ በበጋ ውሃ ፍለጋ ሥሩን ሩቅ ይልካል፤ የደረሰበትን አፈር መጥጦ ያደርቀዋል። በአንድ ጥግ ክረምት ሲመጣ በቧንቧ እናጠጣለን፣ በጋ ሲመጣ በዛፍ እናስመጥጣለን። ይህን ሁሉ ያደረግነው እኛው ራሳችን ነን።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር ቆርጦ ማውጣትና በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ መሙላት፤ ወይም መሠረቱን እርጥበት የማይለዋወጥበት ጥልቀት ድረስ ማውረድ። መንገድ ላይ ኖራ የሚቀላቅሉበትም ጊዜ አለ፤ ኖራው የሸክላውን ጠባይ ይቀይረዋል። የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ግማሽ ሥራ መሥራት ደግሞ አንዳንዴ ከነጭራሹ ካለመሥራት ይብሳል። ጠባብ ቦይ ቆፍራችሁ በገረጋንቲ ብትሞሉና ውሃው የሚወጣበት ባትሠሩለት፣ ከቤታችሁ ሥር ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ፣ መሃሉ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር። ክረምቱን ሙሉ ውሃው እዚያ ይተኛል።

ቱቦም ከዚህ አያመልጥም። መሬቱ ሲነሳና ሲወርድ የውሃ መስመር መጋጠሚያው ላይ ይላቀቃል። ያፈሳል። የፈሰሰው አፈሩን ያርሰዋል፤ አፈሩ ያብጣል፤ መስመሩ የባሰ ይላቀቃል። ከላይ ያለው አስፋልት አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ሹፌሩ "ይሄ መንገድ ደግሞ ምን ሆነ" ይላል። የተበላሸው ግን መንገዱ አልነበረም።

አስፋልቱን ማን በላው?

አስፋልት ስናይ ጥቁሩን ነገር ነው የምናየው። ጥቁሩ ግን ክዳን ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ በጣቶች የሚለካ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ከሥሩ በንብርብር የተጠቀጠቀው ድንጋይና ገረጋንቲ ነው። የክዳኑ ትልቁ ሥራ ጎማው እንዲንሸራሸርበት ብቻ ሳይሆን ውሃ ወደ ታች እንዳይዘልቅ መከልከል ነው።

እንግዲህ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ትመጣለች። ፀሐይ ያደረቀችው ሬንጅ ይሆናል፣ ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ተመልሶ የተለበጠ ጠርዝ ይሆናል። በሰኔ ውሃ ይገባባታል። ሥር ያለው ድንጋይ ይረጥባል፤ አብሮት ያለው ደቃቅ አፈር ጭቃ ይሆናል። ሲኖትራክ ያልፍበታል። ጎማው ሲጫን ውሃው መውጫ ያጣና በስንጥቁ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሲወጣ ደቃቁን ይዞ ነው። ዝናብ ባባራ ማግስት መንገድ ላይ ከስንጥቅ ዙሪያ ቡናማ እድፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የመንገዱ አንጀት ነው። እያንዳንዱ ጎማ ትንሽ ትንሽ እያስወጣው ይሄዳል። ከሥር ባዶ ይሆናል። ከላይ ያለው ክዳን ለጥቂት ቀን ይቆምና አንድ ማለዳ ይሰረጉዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ጉድጓዱ በክረምት መሃል ሲሞላ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ጉድጓዱ እርጥብ ነው፤ ሬንጅ ከእርጥብ ድንጋይ ጋር አይያያዝም። ለዚህ ነው በነሐሴ የተደፈነው በመስከረም ተመልሶ አፉን የሚከፍተው።

ቆላ ስትወርዱ ጠላቱ ይቀየራል። ወደ ጂቡቲ በሚወስደው መንገድ፣ አፋር በረሃ ላይ፣ ዝናብ ብርቅ ነው። እዚያ አስፋልቱን የሚበላው ሙቀት ነው። ሬንጁ ይለሰልሳል፣ የከባድ መኪና ጎማ በሄደበት መስመር ይሰምጣል፣ መንገዱ ሁለት ቦይ ያወጣል። ስለዚህ ለቆላ ጠጣሩ፣ ለደጋ ለስለስ ያለው ሬንጅ ነው የሚመረጠው። ጠጣሩን ብርድ አገር ብታነጥፉት ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ማለት ደግሞ የውሃ በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥርጣሬ ልጨምር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ የሚከፈተው ዶፉ ሲጀምር ነው፤ መንገድ መሥራት አይቻልም። ጨረታው፣ ውሉ፣ ርክክቡ ሲያልቅ በጋው ተጋምሷል። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ላይ "በጀቱ ሳይመለስ" የሚል ሩጫ ይመጣል። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ደመና አንዣቦ፣ መንገድ ሲቆፈር ማየት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የዝናቡ ቀን መቁጠሪያና የገንዘቡ ቀን መቁጠሪያ ጀርባና ጀርባ ናቸው። የትኛውን ማንቀሳቀስ እንደሚቀል ለእናንተ እተወዋለሁ።

ኮብልስቶንን ብዙ ሰው የድሃ አስፋልት አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ነው የተቀመጠው፤ በመገጣጠሚያው ትንሽ ውሃ ያሰርጋል። መሬቱ ቢያብጥ ይወላገዳል እንጂ አይሰበርም። ቱቦ ለመቅበር ቢቆፈር ያው ድንጋይ ተለቅሞ ይመለሳል። ሲወላገድ ይንገጫገጫል፣ ያንን አልክድም። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ጠባዩ ከአፈራችን ጋር ይሄዳል።

የአሥር ዓመት ዝናብ

የአጎቴ ጣራ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ጣራ 4,000 ሊትር ይወርዳል። በበርሜል ሃያ ነው። ቦታው ሜዳ በነበረ ጊዜ ከዚህ ውሃ ብዙው ሣሩ ውስጥ ይቀር ነበር። የተረፈውም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ቆርቆሮ ግን አይጠጣም። አስፋልትም፣ ሲሚንቶ የተነጠፈበት ግቢም አይጠጡም። አሁን የአንዱን ግቢ በሰፈሩ አባዙት። ዝናቡ ባይጨምር እንኳ ጎርፉ ይጨምራል። "ድሮ እንዲህ አልነበረም" የሚሉ ሽማግሌዎች አልተሳሳቱም። የተቀየረው ሰማዩ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ነው።

ይህን ውሃ የሚሸከም ቦይ ስፋቱ እንዴት ይወሰናል? መሐንዲሶች "የአሥር ዓመት ዝናብ"፣ "የመቶ ዓመት ጎርፍ" ይላሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ ሊደግም ይችላል። ወንዝ ዳር በተሠራ ቤት 30 ዓመት ብትኖሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየት ዕድላችሁ ከአራት አንድ በላይ ነው። የመንገድ ዳር ቦይ ደግሞ ለመቶ ዓመት አይሠራም፤ በጣም ውድ ነው። ለአሥር ዓመት ዝናብ ቢሠራ እንኳ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአቅሙ በላይ የሆነ ዝናብ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ስለዚህ ቦይ ሞልቶ መፍሰሱ ሁልጊዜ የአሠራር ስህተት አይደለም። አንዳንዴ የታሰበበት ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን ቦዩ ባዶ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የእኛ ቦይ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ደረቅ ቦይ ደግሞ ማንም ሰው ቦይ አይመስለውም። ፌስታል ይገባበታል፣ የሃይላንድ ኮዳ ይገባበታል፣ ከአጠገቡ ቤት የሚሠራ ሰው የተረፈ አሸዋ ይደፋበታል። የብረት ክዳኑ ደግሞ አንድ ሌሊት ተነስቶ ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ውሃው መንገዱን ያጣና አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብባት ከተማ ቦይዋን አትረሳም። እኛ ግን ለመርሳት ብዙ ወራት አሉን።

የዚህን መርሳት አስከፊ ገጽ ድሬዳዋ አይታለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው ለባቡሩ ነው። ሐዲዱ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ተራራው አላስወጣ ሲለው ግርጌው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም እዚያው ከተማ ሆነ። በመሃሏ የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም ሊያልቅ ሲል፣ በሌሊት፣ ላይ ተራራው የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደረቅ ወንዝ ወንዝነቱን አልተወም ነበር።

ጣራና መስታወት

የድሮ ቤት ሠሪዎች ከዝናብ ጋር ስምምነት ነበራቸው። ጭቃ ቤትን እዩት። ባሕር ዛፍ ይቆማል፣ ማገር ይመታል፣ በጭድ ተቦክቶ የከረመ ጭቃ ይመረጋል። ጭቃ ውሃ ካገኘው አለቀለት። ስለዚህ ከሥር ድንጋይ ይካባል፣ ከላይ ጣራው ከግድግዳው አልፎ ወጣ ይላል። ፒያሳና አካባቢው ከተረፉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በረንዳቸው ዙሪያውን ነው። ሰው ያንን በረንዳ ለማማር ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። የጭቃው ጃንጥላ ነው።

ቆርቆሮ ሲመጣ ሥራው ቀለለ፤ ውሃ አያስገባም፣ ቀላል ነው፣ ይቆያል። ዕዳም አመጣ። ቀን ያግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በረዶ ሲጥልበት የሚያሰማውን ድምፅ ደግሞ በቆርቆሮ ክፍል የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ ተማሪው ይደሰታል፣ ትምህርት ይቆማል።

በብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ቤት ሙቀት አይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀኑ ያቃጥላል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከቤት ይልቅ ደጅ ይሞቃል። እናቶቻችን ወንበር አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁት ለዚህ ነው። ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሰዋል። ያንን ትተን ቀጭኑን ይዘናል።

ስለ መስታወት ሕንፃ ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለ መስኮትን አጭር ክዳን እንኳ ይከልለዋል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች፤ ምንም ክዳን አያግዳትም። አሁን አንድ ሕንፃ ምዕራባዊ ገጹን በሙሉ መስታወት አልብሱት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውስጡ ምድጃ ነው። ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋል። ሲጨልምበት መብራት ያበራል። ብርሃን ይግባ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ፣ ማቀዝቀዣ ያስገዛል። ማቀዝቀዣ በማያስፈልጋት ከተማ!

ፀሐዩ የሚበረታው በከፍታው ምክንያትም ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው። ቀለም ቶሎ ይለቃል፣ ደጅ የተተወ ፕላስቲክ ቱቦ ደርቆ ይሰባበራል። ስስ አየር አውሮፕላንንም ያስቸግራል፤ ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፣ እዚህ ደግሞ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቦሌ ላይ ማኮብኮቢያው ረጅም የሆነው፣ አውሮፕላኑም የሚጭነው ክብደት የሚቀነስበት ምክንያት ይህ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ስትመጡ ግን በቀጥታ ነው። ብዙ ተሳፋሪ ለምን እንደሆነ ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ዋናው መልስ ቦሌ ያለችበት ከፍታ ነው።

በጋው ለግንባታ ሠርግ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የበጋው ፀሐይና ንፋስም የራሱ ጣጣ አለው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም። ሲሚንቶው ውሃውን እየተጠቀመ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ በተሞላ ማግስት የኅዳር ፀሐይ ውሃውን ከመጠጠችው ሥራው በግማሽ ይቆማል። ጆንያ ተነጥፎበት ጠዋት ማታ ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ለሳምንት። ውሃ የሚያጠጣው ልጅ ከግንባታው ሠራተኛ ሁሉ ትንሹን ደመወዝ የሚያገኝ ነው። ሰፈሩ ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው የእሱ ሥራ ነው።

ሮቶው

ውሃ የጠፋ ቀን ካልኩ አይቀር። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች የክረምቱን ውሃ ይዘው በጋውን ያሻግሩናል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ይጨመራል። አይበቃም። በፈረቃ ነው የምንኖረው። በሐምሌ አንድ ቀን አጎቴ ቤት ነበርኩ። ቧንቧው ሦስት ቀን ደርቋል። አክስቴ ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ ያስመጣሉ። ደጅ አሸንዳው እያስገመገመ ነው። ያ ጣራ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ይቀበላል፤ አምስት ሺህ በሚይዝ ሮቶ ከሃያ በላይ ማለት ነው። ሁሉም የግድግዳውን እግር እያጠጣ ያልፋል።

አምና አንድ ሮቶ ገዝተን የአሸንዳውን መውረጃ ወደ እሱ አዞርነው። ሲሞላ የሚተርፈው በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል። ቦዩን መጀመሪያ መጥረግ ነበረብን፤ ከውስጡ የወጣውን ብነግራችሁ አታምኑም። ውሃው ለልብስና ለሽንት ቤት ይሆናል። ከቤቱ የሚቀርበውን ባሕር ዛፍ አጎቴ እየከፋቸው አስቆረጡት። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ አስነጠፍን።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሳንቲሟን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ከጎኔ ቆመው ያያሉ። ሳንቲሟ ገባች። ግን በአውራ ጣቴ ገፍቼ ነው ያስገባኋት።